በካልቱማ እግርና በሞተሩ መካከል

ካልቱማ ስትናደድ መጀመሪያ ዝም ትል ነበር። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ዝም ስትል መንገድ ይለቅላታል። በኬንያው ሞያሌ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ትንሽ ሻይ ቤት በነበረችኝ ዘመን፣ ማለዳ ማለዳ የግመል ወተት የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። ጀሪካኑን ከመኪናዋ ላይ ራሷ ታወርዳለች፤ ክዳኑን ከፍታ "አሽትተው" ትለኛለች። ሳላሸት የተቀበልኳት እንደሆነ ትቆጣለች።

"አሁን ካላሸተትክ ነገ ጎምዝዞ ነበር ትለኛለህ። አሽትት ብዬሃለሁ!"

እኔም እንደ ተማሪ አጎንብሼ አሸታለሁ። ያ ሻይ ቤት ዛሬ የለም። እነዚያን ማለዳዎች ሳስብ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ካልቱማ ላይ የተሠራው ነገር ትዝ ሲለኝ ግን ደስታው ይቀርና ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ድንበሩን ተሻግራ ዋልዳ በነበረው የስደተኞች ሰፈር ነው ያደገችው። ሰፈሩ ሲዘጋ የሄደው ሄደ፣ እሷ ቀረች፤ አንድ ሹፌር አገባች። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። እሱ እየጮኸባት፣ እሷም እየጮኸችበት፣ በአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ተማረች። ባሏ ሲሞት መኪናዋን ይዛ ኦቦ ከሚባለው አካባቢ ግመል የሚያረቡ ሴቶችን ወተት ወደ ከተማ ማመላለስ ጀመረች። ሴት ሹፌር ያላየ ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር፤ እሷም የመስኮቱን መስታወት አውርዳ "ምን ጠፋብህ?" ትለው ነበር።

በዚያች አሮጌ መኪና ነገሩ ግልጽ ነበር። ነዳጁን ከረገጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ ከለቀቁት ዝም ይላል። የኦቦ መንገድ መረሬ ነው፤ ሲርስ እንደ ሙጫ የሚይዝ ጥቁር አፈር። ዝናብ የጠጣ መረሬ ላይ ጎማ ሲሽከረከር የፈራ ሹፌር እግሩን ያነሣል፤ ያነሣ እንደሆነ እዚያው ያድራል። ካልቱማ አታነሣም። ጎማው ጭቃውን እየወረወረ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት እስኪነክስ ድረስ ትረግጣለች። ስትወጣ መኪናዋም እሷም ጭቃ ለብሰው ነበር።

በ2008 ዓ.ም.፣ አስፋልቱ ወደ እኛ ከተማ በተዘረጋበት ሰሞን፣ ለወተት ሴቶቹ ማኅበር አንድ የእርዳታ ድርጅት አዲስ ፒክአፕ ሰጠው፤ ሁለት ጋቢና ያላት፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት። ማኅበሩን የመሠረተችው አዴ ሀሊሞ የምትባል አሮጊት ናት፤ አዴ እኛ ዘንድ ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሊቀመንበሩ ግን ጋልማ ነበር። ቢሮ ፊት የሚቆም ወንድ ያስፈልጋል ተብሎ ነው የተመረጠው። ረጋ ያለ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው፤ እኔም በጣም አከብረው ነበር።

የርክክቡ ቀን ድንኳን ተጣለ፣ ፍየል ታረደ። ሽማግሌዎች እንደ ባህላቸው ወተት በመኪናዋ ጎማዎች ላይ ረጭተው መረቁ። መኪናዋን ከናይሮቢ ያመጣት ጆን የሚባል አሠልጣኝ ነበር። ሹፌሯ ካልቱማ እንደሆነች ሁሉም ሰው ያውቃል። ሆኖም እንግዳ በዝቷልና ሴቶቹ ሁሉ ሥጋ እንዲያቀርቡ ታዘዙ፤ ካልቱማም ትሪ ተሸክማ ከድንኳን ድንኳን ስትዞር ዋለች። ጆን፣ ጋልማና የጋልማ የእኅት ልጅ ዲዳ ጋቢና ውስጥ በር ዘግተው ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ዲዳ ሥራ ያጣ ሹፌር ነበር። ሲመሽ ጋልማ ቁልፉን ለካልቱማ አስረከባትና፣

"እንደ ድሮዋ ናት፤ አዲስ መሆኗ ብቻ ነው" አላት።

የሚያዝያ ዝናብ መጣ። ካልቱማ ወተቱን ጭና ስትመለስ መረሬው ላይ ቆመች። ባለ አራቱን አስገብታለች፣ ማርሹ ልክ ነው፣ ትረግጣለች፤ ሞተሩ ግን እንደታነቀ ሰው ይንፈራፈርና ይደክማል። ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እስኪደርቅ ጠበቀች፤ ወተቱ ጎመዘዘ። በሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ደግሞም ሆነ።

ሻይ ቤቴ መጥታ ጠረጴዛዬን በመዳፏ መታችው።

"እረግጣለሁ፣ ይሞታል! እረግጣለሁ፣ ይሞታል! ንገረኝ እስቲ፣ በእግሬና በሞተሩ መካከል ማን ገባ?"

"ምናልባት ነዳጁ ውኃ ገብቶበት..."

"አንተ ሻይህን አፍላ!"

መኪናዋን ፉንዲ ወደምንለው መካኒክ፣ ወደ ባሺር፣ ወሰደቻት። እኛ አገር መኪና ላይ መብራት በራ ማለት ሕመም ማለት ነው፤ ፉንዲ ፊት የሚቀርበውም መብራቱን እንዲያጠፋ ነው። ባሺር ሞተሩን ከፍቶ አየ፣ ምንም አላገኘበትም። ከዚያ ከኪሱ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር አወጣና መብራቱ ላይ ለጠፈበት።

"በቃ፣ ድኗል" አላት እየሳቀ። "ሌላ ሰው ቢሆን አስከፍል ነበር፣ ለአንቺ በነጻ ነው።"

ፕላስተሩን ልጣ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። ገበያው ሳምንት ሙሉ ሲስቅበት ከረመ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወተቱ በተበላሸ ቁጥር ኦቦ ተመልሳ በየደጁ እየቆመች ሴቶቹን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ያቺ አንገቷን ደፍታ የማታውቅ ሴት፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ መኪናዋን ገና አልለመድኳትም" ትል ነበር። አንዳንዶቹ በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው ይሰሟታል። ወሬውም ተነዛ፤ ካልቱማ ፈርታለች፣ አርጅታለች፣ አዲስ መኪና ለሴት ምን ያደርጋል ተባለ።

ያን ጊዜ ጋልማ ስብሰባ ጠራ። በዚያ ለስላሳ አንደበቱ፣ "እኅታችን ደክማለች፤ ቁልፉን ለዲዳ ሰጥተን እናሳርፋት" አለ።

ካልቱማ ዝም አለች። አዴ ሀሊሞ ግን እንዲህ በዋዛ የምትሸኝ ሴት አይደለችም።

"ዲዳ እዚያው ጭቃ ላይ በዓይናችን እያየን ይንዳ። ከወጣ ቁልፉ የሱ ነው። ካልወጣ አርፋችሁ ተቀመጡ" ብላ ፈረደች።

በተባለው ቀን ዝናብ ያካፋ ነበር። ዲዳ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ ካልቱማ አጠገቡ። ከኋላ ወንበር ጋልማ፣ አዴ ሀሊሞና እኔ ነን፤ እኔን ወተት ገዢ ነህና መስክር ብለው ነው የጫኑኝ። ከላይ ጀሪካኖቹና ጥቂት ሴቶች አሉ። ጭቃው ጋ እንደደረስን ዲዳ ኮፍያውን አወለቀና ማርሹ ፊት ለፊት ካሉት የሚጫኑ ቁልፎች ላይ ጣል አደረገው። እጁን ከኮፍያው ሥር ከተተ፤ ቶሎም አላወጣውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያ መብራት ብልጭ ማለቱን ትቶ ቦግ ብሎ በርቶ ቀረ።

"ምንድነው የተጫንከው?" አለችው ካልቱማ።

"ማቀዝቀዣውን ነው፣ አዴ። ሙቀቱ!"

"በዚህ ዝናብ?"

"እኔ እንዲህ ነኝ፣ ደሜ ሙቅ ነው።"

ነዳጁን ረገጠ። ሞተሩ እንደ ድሮዋ ላንድሮቨር ጮኸ። ጎማዎቹ ተሽከረከሩ፣ ጭቃው እስከ ጣሪያው ተረጨ፣ መኪናዋም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ወጣች። ከላይ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ጋልማ ጉሮሮውን ጠረገ። የካልቱማን ማጅራት ከኋላ እያየሁ ነበር፤ ደም ሥሩ ተገትሯል። 

አስፋልቱ ላይ ወጣን። ዲዳ ደረቱን ነፍቶ ፍጥነት ጨመረ፣ አንድ እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። "እንዲህ ነው የሚነዳ!" አለ። አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ጎማው ላይም ጭቃው ገና አልረገፈም። ከፊታችን ያለው ኩርባ ላይ መሪውን ሲያዞር የመኪናዋ ጀርባ ሾለከ። ጭራዋ ወደ ጎን ሄደ፣ አፍንጫዋ ወደመጣንበት ዞረ፤ ከላይ ጩኸት ተሰማ። ዲዳ መሪውን ቢያዞረውም ቢመልሰውም አልታዘዘችውም። የመንገዱ ዳር ለስላሳ አፈር ባይዛት ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ቆመች። በእግዜር ቸርነት ሰው አልተጎዳም። ጀሪካኖቹ ግን ተገልብጠው ወተቱ በመኪናዋ የኋላ በር ሥር ወደ አስፋልቱ ይወርድ ነበር። ወርደን ዝናቡ ውስጥ ቆምን።

ካልቱማ ኮፍያውን ከውስጥ አነሣችና ዲዳ እግር ሥር ወረወረችው።

"ከሥሩ ያለውን ማን አሳየህ?"

"ምኑን?"

"ዲዳ! እኔ ዛሬ ሰው እገድላለሁ!"

"ጆን ነው" አለ ድምፁ እየሟሸሸ። "የርክክቡ ቀን። ለኔና ለአጎቴ።"

"እኔስ? እኔ የት ነበርኩ?"

ዲዳ ጎንበስ ብሎ ኮፍያውን አነሣ። መልሱን የሰጠችው አዴ ሀሊሞ ናት። "አንቺማ ሥጋ ታቀርቢልን ነበር" አለች፤ እያንዳንዷን ቃል ጋልማ ላይ እያፈጠጠች ነው የተናገረችው።

ጋልማ እጁን ዘረጋ። "ካልቱማ፣ ተረጋጊ። ሰውዬው የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገሩም የተወሳሰበ ነው። አንቺን ላለማስጨነቅ..."

"ላለማስጨነቅ! በየደጁ ይቅርታ ስጠይቅ ሳትጨነቅልኝ ከረምክና አሁን ነው የተጨነቅክልኝ? ተናገር! ጆን ያለውን እዚሁ ዝናቡ ላይ ቁመህ ትናገራለህ፤ እነዚህ ሁሉ ሴቶች ይስሙ!"

ተናገረ። ልብሱ እየራሰ፣ ጺሙ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉንም ተናገረ። ለካስ አንድም ቃል አልረሳም ነበር። ጎማ በባዶው ሲሽከረከር መኪናዋ ራሷ ታውቅና ሞተሩን ታፍናለች፣ የሚሽከረከረውንም ጎማ በፍሬን ትይዛለች። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ታምማ አይደለም፤ ሥራዋን እየሠራች ነው። ሌላ መንገድ ላይ ይህ ደግ ነገር ነው፤ መረሬ ላይ ግን ጎማው ካልተሽከረከረ ጭቃውን አይጥልም፣ ሞተሩም ታፍኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ማርሹ ፊት ያለችውን የማጥፊያ ቁልፍ አንዴ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ይለቀቃል።

"ሌላስ?" አለች ካልቱማ።

"ተጭነው ከያዙት ግን ሁለተኛው ጠባቂም ይጠፋል። ጭራዋ ሲሾልክ ጎማዎቹን ለየብቻ በፍሬን እየያዘ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ የሚመልሳት እሱ ነው። ጆን... ያንን አስፋልት ላይ አደራ እንዳታጠፉ፣ ከጭቃ እንደወጣችሁ ሁሉንም መልሱ ብሎ ነበር።"

ሁላችንም ዲዳን አየነው። እሱ ያየው ወተቱን ነበር።

"ስለዚህ ታውቅ ነበር" አለች ካልቱማ ለጋልማ። አሁን አትጮኽም፤ ድምፅዋ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። "ጭቃው ላይ ስቀር ምን እንደያዘኝ ታውቅ ነበር። ቤትህ ተቀምጠህ ወተቱ እስኪበላሽ፣ ስሜ እስኪበላሽ ጠበቅክ። ለእኅትህ ልጅ ስትል እኔን ጎማ ሥር ማስገባትህ ነው!"

አዴ ሀሊሞ ለዲዳ መዳፏን ዘረጋችለት። ቁልፉን አስቀመጠላት። እሷም ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ "የማን ነው?" አለች። ሁሉም በአንድ አፍ የካልቱማን ስም ጠሩ።

ካልቱማ ግን አልተቀበለችም። "ቁልፉ ሁለተኛ ነገር ነው" አለች። "ይህ ሰው እኔ ይቅርታ የለመንኩበትን ደጅ ሁሉ ዞሮ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ይበል። ያን ጊዜ እነዳለሁ።"

"ስብሰባ ላይ እናገራለሁ፣ በክብር..." አለ ጋልማ።

"እኔ የለመንኩት በስብሰባ አይደለም። በየደጁ ነው!"

ከዚያ በኋላ ለሰላም ብለው የገቡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሊቀመንበርን ያህል ሰው በየደጁ ማዞር ነውር ነው አሏት። "ነውሩን እኔ ብቻዬን ስዞርበት የት ነበራችሁ?" ብላ መለሰቻቸው። ሴቶቹም ወተት ለማንም አንጭንም አሉ። ከተማው ውስጥ የግመል ወተት ጠፋ፤ እኔም ሻይ በዱቄት ወተት አፈላሁ፤ ደንበኞቼ ሰደቡኝ፤ ቢሆንም ከሷ ጋር ነበርኩ። በመጨረሻ ጋልማ እሺ አለ።

ለዚህ ጉዞ ብላ ቁልፉን ተቀብላ ካልቱማ ራሷ ይዛው ሄደች። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሄድኩ። ጭቃው ጋ ስትደርስ ማጥፊያዋን ነካ አድርጋ ለቀቀችና ተሻገረች፤ ማዶ ስትደርስ መለሰችው። በእያንዳንዱ ደጅ ትቆማለች፤ ወደ ጋልማ ሳትዞር "ውረድ" ትላለች። እሱ ይወርዳል፣ ይናገራል፣ ሴቶቹ ያፈጡበታል፣ ይመለሳል። በመንገድ ላይ አንዴ፣

"አሁንስ ቁጣሽ በረደልሽ?" አላት በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

"ውረድ" አለችው፤ ቀጣዩ ደጅ ደርሰን ነበር።

የመጨረሻዋ በጣም ያረጀች ሴት ነበረች። ጆሮዋ ስለማይሰማ ጋልማ ጥፋቱን እየጮኸ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየወጣ እያየው፣ ደጋግሞ መናገር ነበረበት። አሮጊቷ ሲገባት ራሷን ነቀነቀች። ያም ሆኖ እንግዳ ነውና ገብታ አንድ ጣሳ ወተት አመጣችለት። ጋልማ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ከነጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ ብሎ፣ እደጁ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መጠጣት ጀመረ።

ካልቱማ በመስታወቱ አየችው።

"ጠጥቶ ይጨርስ እንጂ" አልኳት።

"ይጠጣ። ማን ከለከለው?" አለችኝና ማርሽ አስገባች። ከዚያ ደጅ እስከ አስፋልቱ፣ በእግር ለሚሄድ ሰው፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጭቃ ነው።