ሁለተኛው ገምጋሚ

ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ጭሮ። አንድ የሕግ መጽሔት በላከልኝ የግምገማ ቅጽ ላይ «የጥቅም ግጭት የለብኝም» ከሚለው አጠገብ ምልክት አደረግሁ። ውሸት ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለባለቤቴም ለመጽሔቱ አዘጋጅም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ጋዜጠኛ ነኝ። ሕግ ተምሬያለሁ፤ የምዕራብ ሐረርጌን ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ዘግቤያለሁ። መጽሔቱ አንድን ጽሑፍ ከማተሙ በፊት ለሁለት ገምጋሚዎች ይልካል። ጸሐፊው ገምጋሚዎቹን አያውቅም፤ እነሱም ጸሐፊውን አያውቁም። አዘጋጁ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ እኔን ሁለተኛ ገምጋሚ አደረገኝ።

ጽሑፉ በሽማግሌ እርቅ ስለተዘጉ የመሬት ክሶች ነው። እመሃሉ ላይ አዴ ነፊሳን አገኘኋቸው። የመሰላ ሴት ናቸው፤ «አዴ» በእኛ አገር ለእናቶች የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የጫት ማሳቸውን የባላቸው ወንድም ያዘባቸው፤ ከሰሱ። ጉዳዩ በእርቅ አለቀ ብሎ በራዲዮ የዘገበው እኔ ነኝ። የባላቸውን ወንድም ጠይቄ ነበር፤ አንድ ሽማግሌም ጠይቄ ነበር። እሳቸውን አልጠየቅሁም። ጽሑፉ ደግሞ ሴትየዋ ከቶ እንዳልታረቁ፣ መዝገባቸው ግን «ታርቀዋል» ተብሎ እንደተዘጋ፣ ማሳውም በባላቸው ወንድም እጅ እንደቀረ ይናገራል። የራዲዮ ዘገባውንም «ስሕተት» ይለዋል።

በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጽሑፉን ሳልገመግም ለአዘጋጁ መመለስ። አልመለስኩም። «ማስረጃው የአንዲት ባለጉዳይ ቃል ብቻ ነው፤ አይታተም» ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። እኔ፣ የባለጉዳይዋን ቃል እንኳ ያልሰማሁት ሰው፣ ማስረጃ አነሰ አልኩ! ለሕግ አስቤ ነው? አይደለም። ስሜን ለማዳን ነው የጻፍኩት። ጽሑፉ ቢቀር የአዴ ነፊሳ እውነት አብሮ እንደሚቀር አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ ጻፍኩት።

ያዳነኝ የእኔ ሕሊና አይደለም። እስከ ዛሬ የማላውቀው አንደኛ ገምጋሚ «ይታተም» ብሏል። እግዜር ይስጠው። አዘጋጁም ከሁለታችን አንዱን መርጦ አልዘጋውም፤ የእኔን ትችት ለጸሐፊው ልኮ መልስ ጠየቀ። እሱንም አመሰግነዋለሁ። ጸሐፊው አልተቆጣም። የሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ ያዥ የነበሩትን ሰው ፍለጋ እስከ በደሳ ከተማ ድረስ ተመልሶ ሄደ፤ የቃለ ጉባኤውን ደብተር አገኘ። በእርቁ ገጽ ላይ የሁሉም አሻራ አለ። የአዴ ነፊሳ የለም።

ጽሑፉ ታተመ። በሳምንቱ መሰላ፣ አዴ ነፊሳ ቤት ሄድኩ።

«አንተ ነህ በራዲዮ ያስታረቅከኝ?» አሉኝ ገና ከበራፍ።

«እኔ ነኝ፣ አዴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጫት ሳይቃም፣ ዱዓ ሳይደረግ፣ እኔ ሳልጠራ! ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ፈጣን እርቅ አይቼ አላውቅም።» ሳቁ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። «በል ተቀመጥ። አሁን ጠይቀኝ።»

ጠየቅኋቸው። ማረሚያውን በራዲዮ በራሴ ድምፅ አነበብኩ። ስለ ቅጹ ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ዘገባው ቸልተኝነት ነበር። ቅጹ ግን ቸልተኝነት አልነበረም፤ ለዚያ ሰበብ የለኝም፣ አልፈልግለትምም። ይህን አሁን የምታነቡትን ኑዛዜ ለአዘጋጁ ዛሬ ጠዋት ልኬለታለሁ፤ መልስ አልመጣም።

አንድ ጠበቃ ጽሑፉን ከደብተሩ ቅጂ ጋር አያይዞ ለፍርድ ቤት አመልክቷል። የአዴ ነፊሳ መዝገብ እንደገና ተከፍቷል፤ ቀጠሮ ተሰጥቶታል።

በታተመው ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ እንዲህ የሚል ማስታወሻ አለ፦ «ሁለተኛውን ገምጋሚ አመሰግናለሁ፤ ወደ በደሳ መልሶ የላከኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።»