ለዶን ሺፒዮኔ የወጣ ስም

ካርሞዚና በኔፕልስ ወደብ አጠገብ ባለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሠላሳ ዓመት አጥባለች። ሴቶቹ ከእሷ ጎን ለመቀመጥ የሚሻሙት ለተረቷ ሲሉ ነበር። ከተረቶቿ አንዱ ግን የእሷ አልነበረም፤ የልጇ የዜዛ ነው። ዜዛ አንድ እግሯ አጭር ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ በትኩሳት ከመሞቷ በፊት፣ ስለ አንዲት አንካሳ ልጅ ተረት ፈጠረች፤ ልጅቷ እስክትደርስ ወንዙ ቆሞ ይጠብቃታል።

ዶን ሺፒዮኔ የሚባል ባላባት በሕዝቡ ቋንቋ መጽሐፍ እጽፋለሁ እያለ ተረት ሊለቅም ወደ ገንዳው ይመላለስ ነበር። ካርሞዚና የልጇ ስም እንዳይጠፋ ብላ ይህንንም ነገረችው። መጽሐፉ ሲታተም ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው አነበበላት። ወንዙ አይቆምም። አንካሳዋ ጭቃ ላይ ትወድቃለች፣ አንድ ልዑልና አሽከሮቹ ይስቁባታል፤ ስሟ ዜዛ ነው። ካርሞዚና ገጹን ደግማ አስነበበችው። አላለቀሰችም።

በዓመቱ ዶን ሺፒዮኔ ተመልሶ መጣ። መጽሐፉ ዳግም ሊታተም ነው። በከተማው የጸሐፊዎች ማኅበር እያንዳንዱ ሰው የቅጽል ስም ይይዛል፤ እሱም ሽፋኑ ላይ የሚያወጣው፣ ከሕዝብ አፍ የተገኘ የጥንት ቃል ፈለገ። ካርሞዚና እጇን በሽርጧ እያደረቀች አሰብ አደረገችና «ቼኔራሌ» አለችው፤ ዘንዶ የገደለ ፈረሰኛ ነበር ብላ። እሱም ቃሉን ሁለት ጊዜ አጣጥሞ ጻፈው።

ቼኔራሌ አጣቢዎች በልብሱ ላይ አንጥፈው አመድ የሚያፈሱበት ቡትቶ ነው። ሙቅ ውሃ ሲወርድበት የሚያነጣው የአመዱ ውሃ ወደ ልብሱ ያልፋል፣ ዝቃጩ እሱ ላይ ይቀራል። በገንዳው ዳር ሰው እንዲህ ከተባለ፣ የሌላው መልካም ነገር በእጁ ቢያልፍም ቆሻሻው ብቻ የሚቀርለት ማለት ነው። ሸሚዙን ማን እንደሚያጥብለት ጠይቆ የማያውቅ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

አዲሱን መጽሐፍ በአንዲት የመስፍን ሚስት ቤት ሲያነብ፣ ገና ስሙ ሲጠራ ገረዲቱ በሳቅ ትሪ ጣለች። እመቤቲቱ ምክንያቱን አስገድዳ አውጣጣቻት። ሳምንት ሳይሞላ ሠረገላ ነጂዎች ሳይቀሩ በዚያው ስም ሰላም ይሉት ጀመር።

ዶን ሺፒዮኔ ፊቱ ቀልቶ ወደ ገንዳው ወረደ።

«ሆን ብለሽ ነው።»

«የሕዝብ ቃል አሉኝ ጌታው፤ የሕዝብ ቃል ሰጠሁዎት።»

ከወዲያ ማዶ አንዷ፣ «ጌታ ቼኔራሌ፣ እድፉ ለቀቀልዎ?» አለች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ።

እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ ካርሞዚና፣ ሁለቱንም እትም ሰብስቤ ላቃጥል። የልጅሽም ነገር አብሮ ይጠፋል። አንቺ ብቻ ቃሉ በእውነት የፈረሰኛ ስም ነው ብለሽ ለእመቤቲቱ መስክሪልኝ።»

 ካርሞዚና መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ የተመኘችው ነገር ነው፤ ዜዛ ከጭቃው ትነሣለች። እሱም ግን ነጽቶ ይሄዳል።

«ጭቃው ላይ የጣልካት አንተ ነህ» አለችው፤ አንቱታውን ያን ቀን ተወችው። «እዚያው ትቆይ። አንተም አጠገቧ ትቆያለህ።»

መጽሐፉን ሰው ለሳቁ ሲል ተሻምቶ ገዛው። ካርሞዚናም አንድ ነበራት። ማንበብ ባትችልም እንግዳ ሲመጣ ሽፋኑን ታሳያለች። የዜዛን ገጾች ግን በወፍራም ክር ሰፍታ ዘግታቸው ነበር።