ከስዕሏ ጀርባ የበራው መብራት

ይህን ለእናቴ አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ ተንበርክኬ፣ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ተናግሬ ይህን ዘልዬ ተመለስኩ። ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር። ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

ወንድሜ ደረጀ ሹፌር ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ነጋዴን ጥቁር የቅንጦት መኪና ይነዳ ነበር፤ ሠርግ ሲኖር ሙሽሮች የሚሳፈሩት እሷ ላይ ነው። እኔ ታናሹ ነኝ። «መኪና ድንገት አትበላሽም፤ ቀድማ ትናገራለች» ይለኝ ነበር። አሮጌ ሚኒባስ ሲታመም ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለች ውድ መኪና ግን ውስጧ ጸጥ ያለ ነው። የምትናገረው በመብራት ነው፤ ከሥሯ በምትጥለው ጠብታ ነው፤ ፍሬኗ ከእግር በታች ልስልስ ሲል ነው። ይህን ሁሉ አስተምሮኛል። አላወቅኩም ማለት አልችልም።

አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ አንኮበር ላይ ሊያገባ ሆነ። እኔ ሚዜ ነኝ። ሌሎቹ ሚዜዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ውጤት ያልመጣልኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ አፌን ሞልቼ «የሙሽራውን መኪና እኔ አመጣለሁ» አልኩ። ደረጀ የመኪናዋን ባለቤት ለምኖ አስፈቀደልኝ። ለእኔ ብሎ።

በሠርጉ ጠዋት መኪናዋን አጠብኩ፣ ሪባን አሰርኩላት። ከፊት ጎማው ሥር ቅባት የመሰለ ጠብታ አየሁ። ሞተሩን ሳስነሳ የፍሬኑ ቀይ መብራት በርቶ ቀረ። አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁ። አሁንም በራ። ደረጀ ይህን ካየ ጋራዥ ሳያስገባት አይነዳትም። እኔ ደግሞ በሚኒባስ ተጠቅጥቄ ጓደኞቼ ፊት ልወርድ ነው። ያስጨነቀኝ ይሄ ነበር። ይሄ ብቻ።

ጠብታውን አፈር አለበስኩት። ቤት ገብቼ ከእናቴ ራስጌ ትንሿን የእመቤታችንን ስዕል አነሳሁ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ስዕሏን ከመሪው ጀርባ፣ ልክ መብራቱ ላይ ለጠፍኳት። እኔ ለጠፍኳት። በእነዚህ እጆቼ።

«ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለኝ ደረጀ ሲገባ።

«እማዬ ናት። መንገዱ ቁልቁለት ስላለው ከፊቱ ትሁን ብላ።»

ሳቀ። «እማዬ! ባለቤቱ ቢያይ መኪናዬን ታክሲ አደረጋችኋት ይለናል።» ግን አላነሳትም። እናቱ ያስቀመጠችውን እንዴት ያነሳል? ጎንበስ ብሎ ተሳለማት። ተነሳን።

መንገድ ላይ «አንተ ሚዜ፣ ክራቫትህ እኮ ተጣሟል፤ ሙሽራዋ እንዳትሸሽ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን ደገም አድርጎ ረገጠ።

«አቡሽ፣ ፍሬኗ ልስልስ አለብኝ። መብራት ግን አላሳየችኝም። ጠዋት ስታጥባት ያየኸው ነገር አለ?»

ያኔ መናገር እችል ነበር። መንገዱ ገና ሜዳ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? ስዕሏን ለምን አላነሳሁም?

«ምንም የለም ጋሼ» አልኩት። አመነኝ።

ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬኑ ባዶ ሆነ። ደጋግሞ ረገጠ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። አልጮኸም። ገደሉ በእኔ በኩል ነበር፣ ተራራው በእሱ በኩል። መሪውን ወደ ራሱ ጠመዘዘው። ቋጥኙ ያገኘው እሱን ነው። የእኔ ግንባር ብቻ ተጫረ።

ሰው ድረሱልኝ ብዬ ከመጮሄ በፊት ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ስዕሏን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

ትራፊኮቹ ሲደርሱ ቀዩ መብራት በርቶ አገኙት። «መብራቱን እያየ ነው የነዳው» ተባለ። ባለቤቱ ለቅሶ ቤት መጥቶ «እሱን የመሰለ ሹፌር ይህን እንዴት ይንቃል?» አለ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ዛሬ የከተማው ሹፌሮች ጀማሪ ሲመክሩ የወንድሜን ስም ያነሳሉ። «እንደ ደረጀ መብራት እያየህ እንዳትነዳ» ይላሉ። ይህን ስሰማም አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ስዕሏን ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። እናቴ አልጠረጠረችም። በየጠዋቱ ተሳልማ «አንተን ያተረፈችልኝ እሷ ናት፤ ሳማት» እያለች ታቀርብልኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ እላለሁ። ከንፈሬ ግን አይነካትም። ይህን ስትሰማ ልጄ ትለኝ ይሆን? አላውቅም።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ ይቅር የሚለኝ እሱ ነበር። የምለምናችሁ ስሙን እንድትመልሱለት ብቻ ነው። ወንድሜ መብራቱን አላየም። ቢያየው ኖሮ ያቆም ነበር።