የእትዬ አልጣሽ ባሚያ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ እጮኛዋን ልታሳየኝ ይዛው መጣች፤ ከጎጃም ወገን የሆነ፣ ዐይኑን ከመሬት የማያነሣ ሸጋ ልጅ ነው። የመተማ ነጋዴዎች አራዳ ገበያ አምጥተው ከሚሸጡት የደረቀ ባሚያ ገዝቼ ነበርና እሱን ልሥራለት ብዬ መውቀጥ ጀመርሁ። ዘነዘናው ገና አንድ ሁለት ጊዜ ሲያርፍበት ያ ሽታው ተነሣ። እንደ ድርቆሽም ነው፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ዋለ አፈርም ነው። የሰሊጡ ዘይት ሲግል ደግሞ ቤቱ ቤቴ መሆኑን ረሳሁት። ጨዉን በእጄ መጥኜ ጨመርሁና በማሽላ ገንፎ ላይ አድርጌ አቀረብሁ። ልጁ እንደ ክር የሚሳበውን ወጥ አየ፣ እጮኛውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎረሰ። ቆየት ብሎ በቀስታ፣ «እማማ፣ ጨው ትንሽ ያንሰዋል መሰለኝ» አለ።

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጁ ደነገጠ፤ ልጆቹም ምነው፣ ምን ሆንሽ ብለው ከበቡኝ። እንግዲህ የሳቅሁበትን ልናገር።

እናቴን አላውቃትም። አባቴም የወተት ጥርሴ ሳይረግፍ ነው የሞተብኝ። ቤታችን ከጠዳ ወደ ደጋው ወጣ ብሎ ነበር። መሬቱንም እኔንም አጎቴ ያዘን። አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ስሜነህ የሚባል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከየኔታ ወደ የኔታ እየዞረ ሲማር ያደገ፣ ዲያቆን የሆነ፣ ድምፁን የሰማ ሁሉ ቆሞ የሚያዳምጠው። ጎንደር ከሰባኪዎቹ ቤት ገባህ የተባለ ጊዜ መጥቶ እኔን ልውሰዳት አለ። አጎቴ ግን ለአንድ ቤት ቃል ሰጥቶብኝ ኖሯል። ያን ጊዜ ልጅ በልጅነቷ ትዳር ነበር፤ ክፉ ሥራ ነው ብሎ የሚያስበውም አልነበረም። ወንድሜ ለምኖ ለምኖ፣ በመጨረሻ አጎቴ ሰባኪ ሆነህ ከተላክህ ልጅቱ ትቆይልህ፣ ካልተላክህ ግን መልሰህ ታመጣታለህ፣ ትዳራለች ብሎ ለቀቀኝ። በእግር ስንሄድ ስሜነህ ይህን ሁሉ አልደበቀኝም። ልጅ ብሆንም ገብቶኛል።

የሰባኪዎቹ ቤት ከቀሐ ወንዝ በላይ ነበር። ግንቡ ድንጋይ፣ ጣሪያው ከጣሊያን የተረፈ የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እርስ በርስ አያሰማማም። ደጃፉ ላይ አንድ ትልቅ ጽድ ነበረ። አሁን ተቆርጧል አሉ፤ እኔ ሄጄ ማየቱን አልፈለግሁም። የቤቱ አለቃ መምህር ዕንባቆም ይባሉ ነበር። በቆላው በረሃ ካህን አጥተው የሚኖሩ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ክርስትና ሳይነሡ ያድጋሉ፣ ሙታናቸው ፍትሐት ሳያገኙ ይቀበራሉ። መምህሩ ወደዚያ የሚላኩትን ወጣቶች ክረምቱን ያስተምሩና መንገዱ ሲደርቅ ይሸኟቸዋል።

ታዲያ ከመጽሐፉ በፊት የሚያስተምሯቸው ወጥ መሥራት ነበር። ልጆቹ የገቡ ዕለት፣ የለመኑትን ቁራሽ የሚይዙበትን አኩፋዳ ከበሩ ችካል ላይ አሰቀሏቸው። «እስከ ዛሬ የሰው እጅ አበላችሁ። ከእንግዲህ እናንተ ታበላላችሁ» አሏቸው። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ማለት መሣቂያ መሆን ነው። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ይቀበሉኝና፣ ዛሬ ወጡን የሠራው ማነው፣ ዲያቆኑ ነው ወይስ መምህሩ እያሉ ይንከተከታሉ። መምህሩም እኮ ይሠራሉ። ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ዳዊት እየደገሙ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ እንባቸው ሲወርድ ከዳዊቱ ይሁን ከሽንኩርቱ የሚያውቅ የለም።

የማጀቱ እመቤት ግን ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ነበረች። እርስዎ ስላት፣ ያረጀሁ መሰለሽ እንዴ እያለች ስለምትቆጣኝ አንቺ እላታለሁ። ቆላ ተወልዳ ያደገች፣ ረዥም፣ ጠይም፣ ስትስቅ ከወንዙ ማዶ የምትሰማ ሴት ናት። በዕድሜ እየበለጠቻቸው ወጣቶቹን እንደ ታላቅ ወንድም አያ እያለች ትጠራቸዋለች፤ እነሱ ገና ጢም አላበቀሉም። አንዴ ቢተው የሚባለው ልጅ ያገነፋው ገንፎ ጓል ጓል ሆነበት። እትዬ አልጣሽ አንዱን ጓል በሁለት ጣቷ አውጥታ ወደ ብርሃን አነሣችውና፣ «አያ ቢተው፣ ይህን የጣልኸውን እንቁላል ማን ይታቀፍልህ?» አለችው። ያን ዓመት ሙሉ ስሙ ዶሮዋ ሆኖ ቀረ። ሙሉነህ ደግሞ ምስር ሳይለቅም ቀቅሎ የሁላችንንም ጥርስ ሊጨርሰው ነበር።

የጾሙ ሰዓት ደርሶ ገበታው ሲቀርብ መምህሩም፣ እሷም፣ ወጣቶቹም፣ እኔም ከአንድ ትልቅ ትሪ ነበር የምንበላ። መጀመሪያ እያንዳንዳቸውን ታጎርሳቸዋለች። ከዚያ አንዱን ትይዝና እናትህ ቤት ምን ይበላ ነበር ብላ ትጠይቀዋለች። እሱ የእናቱን ቤት ሲያወራ ሌላው ያዳምጣል፤ ይሳቃል፣ ይተከዛል። መምህሩ ጨዋታው ሲያልቅ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ሰው ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ይህንኑ ጠይቁ፣ ወንጌሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል ይሏቸዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የሰው ነገር ማዳመጥን ግን ከዚያ ትሪ ዳር ተማርሁ።

አንድ ቀን እትዬ አልጣሽ የአገሯን ባሚያ በማሽላ ገንፎ ሠርታ አቀረበች። የምትሄዱበት አገር ጠዋትም ማታም ይህ ነው፣ ልመዱት አለች። ሌሎቹ ፊታቸውን አጨፍግገው ጎረሱ። ስሜነህ ጣቱን አስነክቶ አነሣው፤ ወጡ ከጣቱ እስከ ትሪው ተሳበ።

«እትዬ፣ እኔ በቁራሽ ያደግሁ ሰው ነኝ። የሻገተም በልቻለሁ። ይህ ግን ንፍጥ ነው» አላት።

እሷ አልተቆጣችም፤ በእሱ በኩል ያለውን በእጇ ሰብስባ ወደ ራሷ ሳበችው። መምህሩ ግን እጃቸውን ታጠቡና ተናገሩ። «ስሜነህ ልጄ፣ ድምፅህ ከሁሉም ይበልጣል፣ ትምህርትህም እንዲሁ። ይህን መብላት ካልቻልህ ግን አልልክህም። ድስቷን የናቅህባት ሴት ስብከትህን ቆማ አትሰማህም።»

እኔ ጉርሻዬን አስቀመጥሁ። ስሜነህ ካልተላከ አጎቴ አለ። አጎቴ ካለ ያ የማላውቀው ቤት አለ። በኋላ ወንድሜን ከጽዱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ኩራቱ መስሎኝ ላለቅስበት ነበር የሄድሁት። «ማንጤ፣ ደብቄ ሞክሬ ነበር እኮ። ጉሮሮዬ ይዘጋል» አለኝ። ማንጠግቦሽ የሚለውን ስሜን እንዲያ አሳጥሮ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ሲለኝ ፍርሃቴ ባሰ፤ ኩራት ቢሆን ይለመናል፣ ጉሮሮ በምን ይለመናል?

በማግስቱ እትዬ አልጣሽ ዘነዘናውን አምጥታ ሰጠችው። «አትብላው አያ ስሜነህ። ሥራው ብቻ» አለችው።

ሠራው። መጀመሪያ እንደ ተቀጣ ሰው ነበር የሚወቅጠው። እየቆየ ግን እጁ ዜማ አገኘ፤ ዘነዘናው ሲያርፍ እንደ መቋሚያ፣ እንደ ከበሮ ሆነለት፣ እሱም ያዜም ጀመር። አላፊ አግዳሚው ከአጥሩ ይቆማል። እነዚያ ሲስቁብኝ የነበሩት ሴቶች እንኳ እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው ሲሰሙት አይቻለሁ። ሽንኩርቱን በሰሊጥ ዘይት ሳያሳርር ማቁላላቱን፣ ዱቄቱን እየነሰነሰ በማማሰያ ማሽከርከሩን ሁሉ ተማረ። ጨዉን ብቻ ከጓዳ መጥና የምታወጣለት እትዬ አልጣሽ ነበረች። መቅመስ ሲመጣ ግን ስሜነህ እኔን ይጠራል፤ ማንጤ፣ ጨው ይለኛል፣ ደህና ነው እለዋለሁ። ክረምቱ እንዲህ አለቀ፣ አንዲት ጠብታ በአፉ ሳትገባ። መምህሩም ይህን ያያሉ።

መስቀል አልፎ የጽጌ ጾም ሲገባ የመሸኛው ቀን ደረሰ። የደብሩ አለቃና ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ መጡ። እኚህ አለቃ፣ ዕንባቆም ዲያቆናቱን ሰበሰበና ወጥ ቤት አደረጋቸው እያሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ሲገቡም በሩ ላይ የተሰቀሉትን አኩፋዳዎች በመቋሚያቸው ነካ ነካ አድርገው፣ እነዚህንስ መቼ ነው የምትቀቅሏቸው አሉ። ጨዉ እንደ ወትሮው ከጓዳ ተመጥኖ ወጣላቸው እንጂ ወጣቶቹ ያን ዕለት ገበታውን ሁሉ ብቻቸውን ሠርተውታል፤ እኔም እንድቀምስ አልተጠራሁም። ምስሩ ቀረበ፣ ሽሮው ቀረበ፣ በመጨረሻ ስሜነህ የባሚያውን ድስት ይዞ ገባ።

እንግዳ ፊት ምግብ ያቀረበ ሰው ከድስቱ በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመሱ ያኔ የማይታለፍ ወግ ነበር። እትዬ አልጣሽ ጭልፋውን ሰጠችውና ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ስሜነህ በዐይኑ ፈለገኝ። እኔ ከእሷ ቀሚስ ኋላ ነኝ፤ ልጅ ወጥታ ትቅመስለት የሚባል ነገር የለም። መምህሩ መሬት መሬት ያያሉ። ወጡን በመዳፉ አደረገ። ዐይኑን ጨፈነ፣ አፉን ወደ መዳፉ አወረደ። ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። ወንዙ ሲፈስ ይሰማኛል። የእትዬ አልጣሽን ቀሚስ ጨብጬ የእናቴን ስም ጠራሁ፣ የማላውቃትን።

ስሜነህ ዐይኑን ገለጠ። ግንባሩን ቋጠር አድርጎ፣ ልክ ድስቱን እንደሚያስብ ባለሙያ፣

«እትዬ፣ ጨው ያንሰዋል» አላት።

እትዬ አልጣሽ መምህሩን አየች፤ እሳቸውም ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ያ ከወንዝ ማዶ የሚሰማው ሳቋ ፈነዳ፤ መቃኑን ይዛ ነው የቆመች። መምህሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ስሜነህ ጨዉን ተቀበለ፣ ጨመረ፣ ደግሞ ቀመሰ። ማንም ሳይጠይቀው አሁንም ቀመሰ። እኔ እልል አልሁ። ከዚያ በፊት እልል ብዬ አላውቅም፣ ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣቶቹ ተቀበሉኝ፣ ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ።

አለቃ ባሚያውን ከጣታቸው እስከ ጢማቸው ሲስቡት ሁላችንም ሳቃችንን ያዝን። ይህ ነገር እንግዳ ነው አሉ። ቀጥሎም ትሪውን ወደ ራሳቸው ጠጋ አድርገው ይጨመር አሉ። ቢተው በጆሮዬ፣ አለቃም ነገ ማጀት ይገባሉ አለኝ። ሲመርቁ ግን ረዥም አድርገው መረቁ፤ እጃቸውን ከስሜነህ ራስ ላይ አላነሡም ነበር።

በማግስቱ ከአዘዞ በጭነት ማኪና ሄዱ። አኩፋዳዎቹ ከችካላቸው ላይ ቀሩ፤ እያንዳንዱ የያዘው ዳዊቱንና አንድ ማማሰያ ነበር። ማኪናው አቧራውን አስነሥቶ ከዐይን ከተሰወረ በኋላ እንኳ የወንድሜ ድምፅ ይሰማ ነበር። አጎቴ በኋላ ሊወስደኝ መጣ። እትዬ አልጣሽ አስቀመጠችው፣ አበላችው፣ እናትህ ቤት ምን ይበላ ነበር ብላ ጠየቀችው። ያ ደረቅ ሰውዬ ስለ እናቱ ሲያወራ ዋለ። ሲሄድ፣ ወንድሟ ተልኳል፣ ልጅቱ ትቆይ ብሎ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ጥምቀት ስሜነህ ከቆላ መጣ፤ ቅስና ተቀብሏል፣ ከኋላው ነጭ የለበሰ ሕዝብ ይከተለዋል። የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፣ ሕፃናቱ ክርስትና ተነሥተዋል። እናቶቹ ለእትዬ አልጣሽ ባሚያና ሰሊጥ ተሸክመው መጥተው ነበር። የአገሯን አነጋገር ስትሰማ በቀሐ ሜዳ መካከል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ነጠላዋን አገልድማ ጨፈረች። መምህሩ አርጅተው ነበር፤ ቆመው ያጨበጭቡላት ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ እኔም ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ባሚያ እወቅጥላት ነበር። ሙቀጫውን ውሰጂው፣ የአንቺ ነው አለችኝ። ከዚያ ድንገት ነገረችኝ። በልጅነቷ አንድ ጎረምሳ ዲያቆን ከደጋ ሊሰብክ ወርዶ እናቷ ቤት ገባ። ባሚያ ቢያቀርቡለት ገፍቶ ተነሣ። መንደሩ ሁሉ በሩን ዘጋበትና አንድ ሰው ሳይሰማው ተመለሰ። በሚቀጥለው በጋ ያው ልጅ ከዚያው ደጃፍ መጥቶ ቆመ። አሠራሩን አሳዩኝ አለ። እናቷም እሱን የማስተማሩን ሥራ ለእሷ ሰጠቻት።

«እናቴ ጨዉን አሳንሺበት አለችኝ» አለች እትዬ አልጣሽ። «ጨው አነሰው ያለ ሰው ምግቡን የኔ ብሎታል አለችኝ። ዕንባቆም ቀመሰና እንዲያው አለ። ለወንድምሽም የቀነስሁበት እኔ ነኝ።»