እትዬ ብርቄ ፎቶሾፕ ሲማሩ

ባለፈው ሳምንት ቤቴል ወዳለችው ትንሽ የኅትመት ቤቴ አንዲት ወጣት ሥራ ልትጠይቅ መጣች። ፎቶ ማስተካከል ትችያለሽ ወይ ስላት የፎቶሾፕን መሣሪያዎች ስም ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችልኝ፤ ሌየር፣ ማስክ፣ ክሎን ስታምፕ፣ ሂሊንግ ብረሽ። የት ተማርሽው ብላት "ከስልኬ ላይ፣ በሁለት ሳምንት" አለችኝ። ቀጠርኳት። ከወጣች በኋላ ግን ሥራዬን ትቼ ብዙ ቆየሁ። እኔ እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ ስማር አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል። አብረውኝ የተማሩት ደግሞ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ።

እትዬ ብርቄ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጃቸው ቀለም ይቀቡ ነበር። በኋላ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ መንገድ ዳር የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሳቸው ያኔ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር። ያን ሰኔ ኮምፒውተር ገዙና እናቴን ጠርተው፣ "ልጅሽ እንግሊዝኛ ታነባለች። እኔ ደግሞ ፊት አነባለሁ። አንድ ላይ ብንቀመጥ አንድ ሙሉ ባለሙያ ይወጣናል" አሏት።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረውም። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ እያወለቀ ያስቀር ነበር። እትዬ ብርቄ በራፉ ላይ ባልዲ ውሃና ጨርቅ ያስቀምጣሉ፤ እግሩን ያልጠረገ ደንበኛ፣ ሙሽራም ቢሆን፣ አይገባም። ጠዋት ስመጣ ጥግ ላይ ከምትጠብሰው ሴት በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ ይዤ እገባለሁ። ዘይቱ ማውሱን እንዳይነካው እጄን በሳሙና ታጥቤ እቀመጣለሁ። እሳቸው ከጎኔ ዱካ ላይ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው።

አንድ የመሣሪያ ስም ከስክሪኑ አነባለሁ፤ ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ምን እንደሚሠራ እስኪገባን ድረስ በማይረባ ፎቶ ላይ እንሞክረዋለን። ሲገባቸው እሳቸው የአማርኛ ስም ያወጡለትና ይጽፉታል። ላሶ "ገመድ" ተባለ። ሌየርን "ነጠላ" አሉት፤ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረብ የታችኛው ስለሚታይ ነው። ፌዘር የሚለው ላይ ሁለት ቀን ቆመናል። መዝገበ ቃላቱ ላባ ይላል፤ ላባን ከፎቶ ጋር ምን አገናኘው? በመጨረሻ የተቆረጠ ምስል ጠርዝ እንደሚያለሰልስ ስናይ፣ "ታዲያ ጥጥ ቢሉት ምን ነበረበት" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። የቆዳ እንከን የሚያጠፋውን ሂሊንግ ብረሽ "ወጌሻ" ብለው ሰየሙት። እኔ ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት ይህን ወጌሻ ነበር።

እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ እትዬ ብርቄ ማውሱን አይነኩትም ነበር። "አንቺ ያዢው፣ እኔ ልይ" ይሉኛል። አንድ ቀን "በርን" የሚል ላይ ደረስን። "ማቃጠል ማለት ነው ይላል" አልኳቸው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ትንሿን ምልክት አዩ። ጣቶቹን ያጠፈ የእጅ ሥዕል ነው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ደግመው አዩት።

"ሰናይት" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ይቺ እኮ የኔ እጅ ናት።"

አልገባኝም። ተነሥተው ፎቶ ወደሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ወሰዱኝና በፎቶ ማጉያው መብራት ሥር እጃቸውን እንዴት አጥፈው ብርሃኑን በጣቶቻቸው መሐል እንደሚያሳልፉት አሳዩኝ። ብርሃን ያገኘው የወረቀቱ ክፍል ይጠቁራል፤ ማቃጠል የሚባለው እሱ ነው። ከጎኑ ያለው "ዶጅ" ምልክት ደግሞ በሽቦ ጫፍ ላይ ያጣበቋት ክብ ካርቶን ሆና ተገኘች፤ ብርሃኑን ከልላ የጠቆረ ፊት የምታፈካ። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን የእጃቸውን ሥራ አንድ የማያውቁት ሰው በሩቅ አገር ስሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። ስንመለስ ዱካቸውን ወደፊት ሳቡና "እስኪ ማውሱን ስጪኝ" አሉ።

ነሐሴ ላይ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስ መንገዱን ባወደበት ሰሞን፣ ጋሽ ኃይሌ መጡ። ከቦንጋ መጥተው ሰፈራችን ከከተሙ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ ቡናና ኮረሪማ የሚነግዱ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። የያዙት የሟች ባለቤታቸውን የወይዘሮ አልማዝን ፎቶ ነው። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ጣሪያ አፍስሶበት ወረቀቱ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል።

"ለሙት ዓመቷ አሳድጋችሁ ብትሠሩልኝ" አሉ።

እትዬ ብርቄ ለመላጥ አልሞከሩም። ከነመስታወቱ ስካን አደረግነውና "ማንም እንዳይነካው ጋሽ ኃይሌ" ብለው ፎቶውን መለሱላቸው። ስካኑን እንዳስተካክል ለእኔ ሰጡኝ። ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ስለነበር ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሣሁም። የሻጋታውን ነጠብጣብ፣ የውሃውን ምልክት፣ የተሰነጠቀውን ጥግ በወጌሻ አጠፋሁ። ከግራ ቅንድባቸው በላይ የነበረችውንም ነጭ መስመር አጠፋኋት። ፊታቸው ጥርት አለ። በዚያው በነበረው ስም ሴቭ አድርጌ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ጋሽ ኃይሌ የታተመውን ፎቶ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጣ አሉ።

"ቆንጆ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ፎቶውን ወደ ዐይናቸው አስጠጉና፣ "ጠባሳዋስ?"

"የቱ ጠባሳ?" አልኩ።

"ከቅንድቧ በላይ ያለችው። ቤታችንን ስንሠራ ቆርቆሮ እያቀበለችኝ ነው የቆረጣት።"

እትዬ ብርቄ ዋናውን ፎቶ መልሰው እንዲያመጡ ጠየቋቸው። ጋሽ ኃይሌ አንገታቸውን ደፉ። የወንድማቸው ልጅ ልታስደስታቸው ብላ፣ ከመስታወቱ እንዲላቀቅ ውሃ ውስጥ ነክራው ፊቱ ተልጦ ጠፍቷል።

"ስካኑስ?" አሉኝ እትዬ ወደ እኔ ዞረው።

"ላዩ ላይ ነው ሴቭ ያደረግሁት።" የመጀመሪያው ስካን ጠፍቷል። እንከን ልትፍቂ ኔጋቲቭ ላይ ምላጭ ከማሳረፍሽ በፊት ቅጂ አውጪ ብለው ስንት ጊዜ ነግረውኛል። ነገሩ ለኮምፒውተርም እንደሚሆን ግን አልመጣልኝም ነበር። የአንድ ሰው ሚስት የመጨረሻ ፊት በእጄ ጠፋ ብዬ ቆምኩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽ ኃይሌ" አሉ እትዬ ብርቄ። "ልጅቷ የሠራችው እኔ ያሳየኋትን ነው። ጊዜ ካለዎት ይቀመጡ፤ አብረን እንመልሳታለን።"

ዱካውን ለእሳቸው ሰጥተው በእኔ ወንበር ተቀመጡ። "መጀመሪያ ቅጂ" አሉኝ፤ አወጣሁ። "አሁን ምስሉን እንደ ነጠላ ደርቢልኝ" አሉኝ፤ ደረብኩ። ከዚያ ጋሽ ኃይሌን "በራስዎ ቅንድብ ላይ በጣትዎ ያሳዩኝ" አሏቸው። ሰውየው ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ሌላ ሰው እንደሚዳስሱ ሁሉ፣ ጣታቸውን ከግራ ቅንድባቸው በላይ ቀስ አድርገው ሳቡ።

እትዬ ብርቄ መስመር አልሳሉም። ጠባሳ መስመር አይደለም አሉኝ፤ አንዱ ጠርዙ ያበራል፣ ሌላው ይጠቁራል። በዶጅ አፈኩ፣ በበርን አጠቆሩ፤ ማውሱ ላይ ያለው እጃቸው ልክ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንዳየሁት ነበር።

"ረዘመች" አሉ ጋሽ ኃይሌ። አሳጠሯት።

"አሁን ትመስላለች። ግን ይቺ አዲስ ቁስል ናት። የአልማዝ የቆየች ነበረች።"

እትዬ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ የላይኛውን ነጠላ አሳሱት፤ ጠባሳዋ ቆዳው ውስጥ ገባች። ጋሽ ኃይሌ እጃቸውን አነሱ።

"በቃ። አይንኩት።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ፎቶውን እንደገና አተምነው። አዲስ የታተመውን ፎቶ በኮታቸው ሸፍነው ሲወጡ እትዬን ሁለት ጊዜ እጅ ነሱ።

እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት። እትዬ ብርቄ አልተቆጡኝም፣ አላባበሉኝምም። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ቆጮውንና ጎመኑን ለሁለት ከፈሉና፣ "ብዪ፤ ከምሳ በኋላ ሴቭ አዝ የሚለውን፣ በሌላ ስም ማስቀመጡን፣ ነው የምንማረው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎበዝ ባለሙያ አይቻለሁ። የማያውቀውን ነገር ከልጁ ከምታንስ ሰው አጠገብ ዱካ ስቦ የሚጠይቅ፣ የልጅቷ ጥፋት ሲወጣ ደግሞ የኔ ነው የሚል ግን እንደ እሳቸው ያለ አልገጠመኝም። ያኔ እንደ ቀላል ነገር አየሁት። ዛሬ እኔ ራሴ ሠራተኞች እያሉኝ ሳስበው ነው ክብደቱ የሚገባኝ።

እትዬ ብርቄ አሁን እዚያው ቀራንዮ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዐይናቸው በጣም ደክሟል። አዲሷን ሠራተኛ በቀጠርኩ በማግስቱ፣ እሁድ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እንደ ልማዳቸው ገና ሳልቀመጥ "ምን አዲስ ነገር መጣ?" አሉኝ። የፈለጉትን በጽሑፍ ሲነግሩት ከምንም ተነሥቶ ምስል የሚሠራ ፕሮግራም እንደመጣ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ያ የምትጽፊለት ነገር ስሙ ማነው?"

"ፕሮምፕት ይሉታል።"

ቃሉን አፋቸው ውስጥ ሦስት ጊዜ አመላለሱት። መጀመሪያ ተሰበረባቸው፤ በሦስተኛው ቀና አለ።

"ነገ እረሳው ይሆናል" አሉ ሻያቸውን በዳበሳ እየፈለጉ፣ "ዛሬ ግን አወቅሁት።"

ስኒውን እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው።