ጋሽ መቀስና ሁለቱ ዘንባባዎች

ጋሽ መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ከሰው ጆሮ በላይ አንዲት ፀጉር ዘንፋ ካዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ዓይነት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን፣ ጆሮ እንደ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልምና፣ ሱቃቸውን ዘግተው ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ።

ልጅቱም ባሏም በደስታ ነው የተቀበሏቸው። ቢሆንም እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅነት ወደ ጨርቅነት እንደሚወርድ ጋሽ መቀስ አሳምረው ያውቃሉ። ሥራ የለመደ እጅ ደግሞ ጭን ላይ ተጣጥፎ መዋል አይሆንለትም። ሳህን ላጥብ ሲሉ ልጃቸው ከእጃቸው ትነጥቃለች፤ በሩን ቀለም ልቀባ ሲሉ መሰላሉን ትደብቃለች። የቀራቸው ግቢው ብቻ ነበር።

በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንባባዎች ቆመዋል። አማቻቸው ገና ሳያገባ፣ ችግኝ ሳሉ፣ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አቅፎ ያመጣቸው ናቸው። የታችኞቹ ቅጠሎቻቸው ቢጫ ቢጫ ማለት ሲጀምሩ ጋሽ መቀስ ሥራ አገኙ። ትልቁን የአትክልት መቀስ ይዘው ይወጡና እያፏጩ ቢጫውን ከሥሩ ይቆርጡታል። ከዚያ ራቅ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ከወንበር የተነሳ ደንበኛ እንደሚያዩ ያዩታል።

ዘንባባው ግን አልታዘዝ አለ። የታችኛውን ሲቆርጡ ቢጫው ከበላዩ ወዳለው ይወጣል፤ ያንን ሲቆርጡ ወደ ሌላው። መጀመሪያ ሥራቸው የሚደፋውን የልብስ እጣቢ ጠረጠሩ። ቀጥለው የጎረቤቱን ውሻ ጠረጠሩና ዱላ ይዘው ጠበቁት፤ ምስኪኑ ውሻ ነገሩ እንኳን አልገባውም። በመጨረሻ ሁለቱም ዛፎች አናታቸው ላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀራቸው። አንድ ቀን ራት ላይ አማቻቸው የፊታችን እሑድ ሁለቱንም እንደሚያስነቅል፣ ሰውም እንደቀጠረ ተናገረ። ሲናገር ቀና ብሎ አላያቸውም። ጋሽ መቀስ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት።

በማግሥቱ አንድ ቢጫ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለው ሰፈሩ ውስጥ ችግኝ ወደምትሸጠው ሴት ሄዱ። ሴትዮዋ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስታ ነጠብጣቡንና የደረቀውን ጫፉን አየች። ቢጫው የጀመረው ከአዲሱ ቅጠል ነው ወይስ ከአሮጌው ብላ ጠየቀች። ከአዲሱ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም ባንዴ ቢሆን ደግሞ ሥሩ ውሃ በዝቶበታል አለች። ከአሮጌው ነው ሲሏት አፈሩ ፖታሲየም የሚሉት ምግብ እንደጎደለው ነገረቻቸውና ማዳበሪያ አወጣችላቸው። ጋሽ መቀስ እፎይ አሉ።

«ቢጫውን ቅጠል ግን አይቆርጡትም አይደል?» አለች።

«ወዲያው ነው እንጂ የምቆርጠው። እንዴት ተብሎ ይተዋል?»

«ውይ አባባ፤ አዲሱን ቅጠል እኮ የሚያበላው አሮጌው ነው። ያለውን ወደ ላይ እየሰጠ ነው ቢጫ የሚሆነው። እሱን ሲቆርጡበት ዛፉ ከሚቀጥለው መብላት ይጀምራል። እንዲህ እያሉ ይገድሉታል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ከተሸከሙት ማዳበሪያ ይልቅ ይህ ቃል ከበዳቸው። ዝም ቢሉ ዛፎቹ ይነቀላሉ፣ ጥፋታቸውም አብሮ ይቀበራል። ቢናገሩ ደግሞ ሰው የደከመበትን ያጠፉ ሽማግሌ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ማን መቀስ ያስነካቸዋል? ፈሩ። በዚያ ዕድሜ በሰው ቤት ትርፍ ሰው መሆንን የመሰለ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት አማቻቸው ከሥራ ገብቶ በረንዳው ላይ ጫማውን ሲፈታ አጠገቡ ሄደው ቆሙ።

«ልጄ፣ ዛፎቹን አታስነቅል። ቅጠላቸውን እየቆረጥኩ የምገድላቸው እኔ ነኝ። ማዳበሪያ ገዝቻለሁ፤ መቀስ ካላረፈባቸው ይድናሉ ተብያለሁ።»

አማቻቸው የጫማውን ክር ለቆ ቀና ብሎ አያቸው።

«አውቃለሁ አባባ» አለ። «ችግኝ የምትሸጠው ሴት ለእኔም ነግራኛለች። ከነገረችኝ ሰነበተ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሲቆርጡ ያፏጫሉ። እዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ ሌላ ጊዜ ሲያፏጩ ሰምቼዎት አላውቅም። ተዉ ማለት አቃተኝ። እነሱ ይነቀሉና በምትካቸው የሚከረከም የአጥር ተክል አመጣለሁ ብዬ ነበር። እሱ ቢቆርጡትም አይሞትም።»

ጋሽ መቀስን በሱቃቸው ዘመን ስንቱ አመስግኗቸዋል፤ እንዲህ የሳሳላቸው ሰው ግን አልነበረም። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አማቻቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«የአጥሩን ተክልም አምጣው» አሉት። «እሱን እንዳሻኝ እቆርጠዋለሁ። አሁን ግን ተነስና አካፋውን ያዝ፤ ሳይመሽ ማዳበሪያውን አብረን እንበትን።»