አባቴ መኪናውን ጥሎ የሄደበት ቀን

ሪያድ ላይ ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምር ሰዉን ሁሉ በረሃው ይጠራዋል። ሙቀቱ ሲያነድ ከማቀዝቀዣ ሥር ያልተነቃነቀ ቤተሰብ ሳይቀር ድንኳኑን በመኪና ጭኖ አሸዋ ላይ ሊሰነብት ይወጣል፤ ከሽታ ይሉታል። ዘንድሮ የአሠሪዬ የመዳም የልጅ ልጆች በዝተው ያለን ዕቃ አልበቃ ስላለ፣ አዲስ ልትገዛ ሱወይዲ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ድንኳኑንም፣ ምንጣፉንም፣ ቧንቧ ያለውን የውሃ ጀሪካንም እሷ መረጠች። ምድጃዎቹ ጋ ስንደርስ ግን ቆም አለችና «ያላ ዘሃራ፣ የምታበስይው አንቺ፣ የምትመርጪውም አንቺ» አለችኝ፤ ከዚያ ታጣፊ ወንበሮቹ ይመቹ እንደሆነ ልትሞክር አንዱ ላይ ተቀመጠች፣ እንደተቀመጠችም ቀረች።

መደርደሪያው ላይ የሌለ የምድጃ ዓይነት አልነበረም፤ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ አለ፣ እግሩ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ አለ፣ ከትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ አናት ላይ የሚጠለቅ አለ። አንድ በአንድ እያወረድኩ መሬት ላይ አስቀምጬ በጣቴ ገፋ ገፋ አደረግኋቸው። እግሩ የቀጠነ ምድጃ የሩዝ ድስት ሲጫንበት አሸዋ ውስጥ እንደሚሰምጥ፣ ከለላ የሌለው እሳትም ውሃ ሳያፈላ ጋዙን በነፋስ እንደሚጨርስ አውቃለሁ። እግሩ ሰፋ ያለ፣ ዙሪያውን ከለላ ያለው አንድ ለየሁ። ሻጩ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ያገሬ ሰው ነው። «እህቴ፣ አንቺስ በረሃ ያሳደገሽ ነው የምትመስይው» ብሎ ሳቀ።

ይህን ጊዜ አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሳዑዲ ባለ ፓምፕ የላምባ ምድጃ አንስተው ተለኩሳ ልያት አሉት። ደጅ አውጥቶ ላምባ ጨመረባት፣ ፓምፗን ደጋግሞ ገፋ፣ ክብሪት ጫረ፤ መጀመሪያ ቢጫ እሳትና ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ያ እያጉረመረመ የሚነድ ሰማያዊ ነበልባል። የላምባው ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ሱወይዲም መዳምም ከፊቴ ጠፉ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ቤታችን ኮምቦልቻ፣ አስፋልቱ ዳር ስለነበረ፣ ከአዲስ አበባ ጭኖ ሲመጣ የመኪናውን ጡሩምባ ከሌላው ጡሩምባ ሁሉ ለይተን ከሩቅ እንሰማዋለን። መጥቶ ታጥቦ፣ ሽርጡን አሸርጦ መደቡ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ውሃ እንኳ ራሱ ቀድቶ አይጠጣም፤ ጨው ሲጎድል እንኳ «ጨው» ብሎ ዝም ነው። እማዬ «ይሄ ሰውዬ መንገድ ላይ ማን እያበላው ነው የሚኖረው?» ትላለች፤ በሳቅ ብታወጣውም ትንሽ ቅናት ነገር ነበረበት።

መልሱን ያገኘሁት እማዬ ወንድሜን ልትወልድ ደሴ ሐኪም ቤት በገባችበት ክረምት ነው። ሐኪሞቹ ቶሎ አትወጣም ስላሉ አክስቴ ልታስታምማት ሄደች፣ እኔን የሚይዘኝ ጠፋ። አባባ ደግሞ ለውጭ አገር የሚላክ ቡና ጭኖ ወደብ ማድረስ ነበረበት። ትንሽ አሰበና ልብሴን በፌስታል ቋጥሮ ጋቢና ውስጥ በእሱና በረዳቱ በጋሽ እንድሪስ መካከል ዶለኝ። ጋሽ እንድሪስ በዕድሜ ከአባባ የሚበልጡ፣ በጉዞው ሁሉ ተስቢህ የሚቆጥሩ፣ መሀል ላይ ደግሞ «ፍሬን! ፍሬን!» እያሉ የሚጮሁ ሰው ነበሩ። የባቲን ቁልቁለት ስንወርድ አባባ ማንጎራጎር ጀመረ። እሱ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ እዚያ ግን በየመታጠፊያው ድምፁ እየወፈረ፣ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ ክንዱ በመስኮት ወጥቶ፣ ሌላ ሰው ሆነብኝ።

ሚሌን እንዳለፍን ከአንድ ግራር ሥር ቆምን፤ ጋሽ እንድሪስ ከጋቢናው ጀርባ የእንጨት ሣጥን አወረዱ። እሳቸው ያበስላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ፣ ያ ጨው ተነሥቶ የማያመጣው አባቴ፣ ፎጣ ወገቡ ላይ አስሮ ተንበረከከ። ያረጀ የጎማ ቸርኬ መሬት ላይ አስተኛና ከሣጥኑ ያወጣትን ባለ ፓምፕ የላምባ ምድጃ መሀሉ ላይ አስቀመጣት፤ ነፋሱ በብረቱ ላይ እያለፈ እሳቷን ሳይነካ ይሄዳል። ሽንኩርቱን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ከተፈ፣ ቲማቲም ጨመረበት፣ ቋንጣ ሰባበረበት፣ መኮሮኒውንም በዚያው ስልስ ውስጥ ቀቀለው። እኔ አፌን ከፍቼ ስመለከተው ማንኪያውን ወደኔ ቀስሮ «እናትሽ እንዳትሰማ፤ ከሰማች ቤትም ማብሰሌ ነው» አለኝ። ጋሽ እንድሪስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ በሰው አገር ብዙ ዓይነት ምግብ ሠርቻለሁ፣ በልቻለሁም፤ ያንን የመሰለ ግን አፌ ላይ አልደረሰም።

ሰርዶን ካለፍን በኋላ ራዲያተሩ ፈነዳ። ሰማዩ ነጭ፣ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ጥላ የሚባል ከመኪናው ሆድ ሥር በቀር የለም። ጋሽ እንድሪስ ያገኙት መኪና ላይ ተንጠልጥለው መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሎጊያ ተመለሱ፤ እኔና አባባ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ቀረን። በማግስቱ ጠዋት ራሴን አልችል አልኩ። ትኩሳት ነበር። አባባ ፎጣውን እያራሰ ግንባሬ ላይ ያደርጋል፣ ሻይ አፍልቶ በማንኪያ ያጠጣኛል፣ እኔም እመልሰዋለሁ። ቀትር ላይ ምድጃዋን አጠፋት፤ የቀረችውን ውሃ ለእኔ ብቻ አደረጋት። መንገዱ ጭር ብሏል። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን እየቆመ አስፋልቱን ሲያይ ሲቀመጥ፣ እንደገና ቆሞ ሲያይ ምን ይል እንደነበር ከንፈሩ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ዱዓ ያደርግ ነበር መሰለኝ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከአሰብ ነዳጅ የጫነ ቦቴ መጣ። አባባ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ ወርዶ እኔን አየኝና «ልጅቷን ስጠኝ፣ ዱብቲ ሐኪም ቤት አደርስልሃለሁ፤ አንተ መኪናህን ጠብቅ» አለው።

«አብሬያት እሄዳለሁ።»

«ወንድሜ፣ የጫንከው የመንግሥት ቡና ነው እኮ! ጥለኸው ብትሄድ ምን እንደሚያደርጉህ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ አባባ፣ ወደ ደረቱ እያነሣኝ። «ቡናው የመንግሥት ነው። ልጅቷ የኔ ናት።»

ከዚያ የማስታውሰው የሸሚዙን ሽታ ነው፤ ላብ፣ ነዳጅና ሽንኩርት። ዱብቲ ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ በቆብ ያራግብልኛል። ሐኪሙ «ወባ ነው፤ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...» ብሎ ሐሳቡን ሳይጨርስ መርፌውን ይዞ ሄደ።

ኮምቦልቻ ስንመለስ እማዬ ሕፃኑን ወንድሜን ጀማልን ታቅፋ ደርሳ አገኘናት። አባባ ግን ከዚያ በኋላ ወደ አሰብ አልሄደም፤ በመሥሪያ ቤቱ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ውስጥ ቁልፍ ያዥ ሆነ። ለምን ስንለው «መንገዱ ሰለቸኝ» ይለናል። እኔ ደስ አለኝ፤ አባቴ በየማታው ቤት የሚገባ ሰው ሆነልን። ብቻ የከባድ መኪና ድምፅ ሲሰማ እጁ እንጀራው ላይ ይቆማል፣ በሞተሩ ድምፅ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ለራሱ ይናገራል፣ ከዚያ ይጎርሳል። መኮሮኒም አላበሰለም። እኔም ምስጢሩን ለእማዬ አላወጣሁም።

እውነቱን የሰማሁት ወደዚህ አገር ልመጣ ስነሣ ጋሽ እንድሪስ ሊመርቁኝ የመጡ ዕለት ነው። መለዋወጫውን ይዘው ሲመለሱ መኪናው ብቻውን ቆሞ፣ ሸራው ተቀዶ፣ ከተሳቢው ላይ ብዙ ጆንያ ጎድሎ አገኙት። አባቴ «ጥፋቱ የረዳቴ አይደለም፣ እኔ ነኝ ጥዬው የሄድኩት» ብሎ ፈረመ፤ ከመሪው ላይ ያነሡት በዚህ ነው። «ለምን እንደሄድክ ንገራቸው ስለው፣ ልጄን ሰበብ አላደርጋትም አለኝ» አሉኝ፤ ከዚያ በእጃቸው ራሴን ዳብሰው መረቁኝ። ወደ ውስጥ ስገባ አባባ የሻንጣዬን ገመድ ያጠብቅ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ የገመዱን ጫፍ ያዝኩለት።

አባባ የሞተው እኔ እዚሁ እያለሁ ነው። ከፊሌ፣ ማለት በስሙ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ መውጫ አስፈቅዶልኝ ኮምቦልቻ ስደርስ ቀብሩ አልፏል፣ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰውም አንድ ሁለት እያለ ነበር። መስመሩም ከእሱ በፊት ሞቷል፤ ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ በኋላ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ የድሮዎቹ ሹፌሮችም በየቤታቸው አረጁ።

ከገበያ ተመልሼ ሥራዬን ስጨርስ ለጀማል ደወልኩለት። ስለ ባቲ ቁልቁለት፣ ስለ እንጉርጉሮው፣ ወገቡ ላይ ስላሰረው ፎጣ ነገርኩት። ጀማል የሚያስታውሰው ድምፁ ዝግ ያለ፣ የግምጃ ቤት ቁልፍ በቀበቶው ላይ የሚያንጠለጥል፣ ከመግሪብ በፊት ቤቱ የሚገባ አባት ነው። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እህቴ፣ እኔ ይህን ሰው አላውቀውም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያ ሹፌር ያበቃው ጀማል በተወለደ ሳምንት ነው። እማዬ መንገድ ላይ አይታው አታውቅም፣ ጋሽ እንድሪስም አልፈዋል። የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።